በቁልቁለት ላይ ነጭ ወይን፦ የ2024 የሞዜል ምርት የሥራ ማስታወሻ

ጃንዋሪ እና ፌብሯሪ፣ መግረዝ

ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ማሳዎቻችን በድምሩ 2.4 ሄክታር ሲሆኑ በጀርመን ሞዜል ወንዝ ዳር፣ በትሪየርና በበርንካስቴል መካከል ባለች መንደር ይገኛሉ። ከጥቂት የፒኖ ብላን ግንዶች በቀር የተተከለው ሪስሊንግ ነው፤ ሁለቱም ነጭ የወይን ዝርያዎች ናቸው። ሥራውን የምንሠራው አማቴ፣ ባለቤቴ፣ ቅዳሜና እሑድ የሚያግዘን ወንድሟ እና እኔ ነን። ወደ ኦርጋኒክ አመራረት መሸጋገር የጀመርነው በሜይ 2021 ነው። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ እንደ ወይን ላሉ ቋሚ ተክሎች ከመጀመሪያው ኦርጋኒክ ምርት በፊት የሦስት ዓመት የሽግግር ጊዜ ስለሚጠይቅ፣ የኅብረቱን የኦርጋኒክ ምልክት፣ አረንጓዴውን ቅጠል፣ በጠርሙሱ ላይ ማተም የሚፈቀድልን ከዚህ መከር ጀምሮ ነው። ይህን ማስታወሻ የያዝኩትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ማሳው ሦስት ቦታ ተከፍሏል። 1.1 ሄክታሩ ከላይ በኩል ያለው፣ በድንጋይ ግንብ የተደገፈና እርከን የተሠራለት ቁልቁለት ነው፤ እዚያ እያንዳንዱ ግንድ በራሱ እንጨት ተደግፎ ይቆማል። 0.8 ሄክታሩ ከወገቡ ላይ በሽቦ የተዘረጋ ነው። ቀሪው 0.5 ሄክታር ወደ ሞዜል የሚፈስ አንድ ጅረት ባለበት የጎን ሸለቆ ውስጥ፣ ሜዳ ላይ ነው። አፈሩ ጀርመኖቹ ሺፈር የሚሉት ጥቁር ንጣፍ ድንጋይ ስባሪ ሲሆን፣ ቀን ያጠራቀመውን ሙቀት ሌሊት ስለሚመልስ በዚህ ሰሜናዊ አገር ሪስሊንግ እንዲበስል ከሚረዱት ነገሮች አንዱ ነው።

በሽቦው ማሳ ላይ በየግንዱ አንድ ረጅም ሐረግና ሁለት አንጓ ያለው አንድ አጭር ጉቶ ብቻ አስቀርተን ሌላውን ቆረጥን። በእርከኑ ላይ ግን እንደ ቆየው የሞዜል ልማድ ሁለት ሐረጎች ይቀሩና በማርች ወር በልብ ቅርጽ ጎብጠው ከእንጨቱ ጋር ይታሰራሉ። የተቆረጠው ሐረግ ተከትክቶ እዚያው መሬት ላይ ይቀራል። በባትሪ የሚሠራ የመግረዣ መቀስ ገዝተናል፤ ዋጋው 1,300 ዩሮ ነበር። ለእጅ አንጓ የሚሰጠው ዕረፍት ብቻውን ዋጋውን ያወጣል ብዬ አምናለሁ፤ አማቴ ግን በእርከኑ ላይ አሁንም የእጅ መቀሳቸውን ይመርጣሉ፤ ምክንያታቸውም ያረጀውን እንጨት ጥንካሬ በእጃቸው ሊሰማቸው ስለሚገባ መሆኑን ይናገራሉ።

ማርች፣ የመርጫው መስመር

ባለፉት ዓመታት በእርከኑ ላይ ይረጭ የነበረው በጀርባ በሚታዘል ባለሞተር መርጫ ነበር። ታንኩ ሲሞላ ሰው ተሸክሞት ቁልቁለት ላይ ለመውጣት ይከብዳል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ጊዜ ይፈጃል። መደበኛ፣ ማለትም ኦርጋኒክ ያልሆኑ፣ አምራች ጎረቤቶቻችን ለዚህ ቦታ ሄሊኮፕተር ያስጠራሉ፤ በጥቂት ደቂቃ ኮረብታው ሁሉ ይረጫል። እኛ ግን በመዳብና በድኝ የምንሠራ በመሆናችን መድኃኒቱ ከውጭ ቅጠሉን ብቻ ስለሚሸፍን እንጂ ወደ ውስጥ ስለማይገባ፣ ዝናቡ ከመምጣቱ በፊት በእያንዳንዱ ቅጠል ላይ፣ በተለይም ከሥሩ በኩል መድረቅ አለበት። የታችኛው ዋግ፣ ጀርመኖቹ ፔሮኖስፖራ የሚሉት በሽታ፣ ወደ ቅጠሉ የሚገባው ከቅጠሉ ሥር ባሉት የመተንፈሻ ቀዳዳዎች ነውና። ከዝናቡ በኋላ የደረሰ መዳብ ቀድሞ የገባውን በሽታ አያድንም። ስለዚህ በኦርጋኒክ ቁልቁለት ላይ ትልቁ ጥያቄ ምን ይረጫል ሳይሆን፣ ደመናው ሳይደርስ ማሳው በሙሉ ሊዳረስ ይችላል ወይ የሚለው ነው።

ያዘጋጀነው መስመር እንዲህ ነው። 600 ሊትር የሚይዝ ታንክና ያገለገለ ፓምፕ ከማሳው ራስ በሚያልፈው መንገድ ላይ በሚቆም ትንሽ ትራክተር ላይ ጫንን፤ ከእሱም 120 ሜትር የግፊት ጎማ፣ ማለትም ቱቦ፣ ወደ ታች ይዘረጋል። አንድ ሰው መርጫውን ይዞ ከታች ወደ ላይ እየወጣ የረድፉን ግራና ቀኝ ይረጫል፤ ሌላው ሰው ጎማው ከግንዶቹ ጋር እንዳይጠላለፍ እየሳበ ይጠቀልላል። ለጎማው፣ ለመርጫው፣ ለፓምፑና ለጎማ መጠቅለያው በድምሩ 3,400 ዩሮ ወጣ። በውኃ ብቻ ስንሞክረው ጎማው ጫፍ ላይ ሲደርስ ግፊቱ እየወደቀ ጠብታው ተለቅ ያለ ሆነ፤ የመርጫውን ኖዝል፣ ማለትም አፍንጫውን፣ በጠባብ ለውጠን የፓምፑን ግፊት ከፍ ስናደርግ ተስተካከለ።

በዚሁ ወር በረድፎቹ መካከል ቬችና ክሎቨር የተባሉ የመኖ ተክሎችን ከአጃ ጋር ቀላቅለን ዘራን። በእርከኑ ላይ አፈሩ ቀጭን ስለሆነ የተዘራው በየሁለተኛው ረድፍ ብቻ ነው፤ ሣሩ በበጋ ከወይኑ ውኃ ይሻማል።

ኤፕሪል፣ ውርጭ

የወሩ መጀመሪያ እንደ በጋ ሞቆ ስለነበር ቀንበጦቹ ከጊዜያቸው ቀድመው ወጡ። ከዚያ ከ22 እስከ 24 ባሉት ሌሊቶች ውርጭ መጣ። በሸለቆው ሜዳ ላይ የሰቀልነው ቴርሞሜትር ከዜሮ በታች 2.5 ዲግሪ ሲያሳይ፣ በእርከኑ ላይ ከዜሮ በላይ ግማሽ ዲግሪ ነበር። ቀዝቃዛ አየር ከሞቃት አየር ስለሚከብድ ቁልቁለቱን ተከትሎ ይወርድና ታች ይተኛል፤ አዲስ ቀንበጥ ደግሞ ከዜሮ በታች አንድና ሁለት ዲግሪ ላይ ውስጡ ያለው ውኃ በረዶ ይሆንና ይሞታል። ጠዋት ላይ አረንጓዴ ነበር፤ ፀሐይ ካየው በኋላ ቀኑን ሙሉ እየጠቆረ ሄደ፤ ማታ ላይ ጫፉን በጣት ስነካው እንደ ደረቀ ሻይ ቅጠል ተፈረፈረ።

ሳር እና ሩቨር በተባሉት የአካባቢያችን ሸለቆዎች ያሉት አምራቾች ከእኛ በጣም የባሰ ጉዳት ደርሶባቸዋል። እኛ የጎን ሸለቆውን 0.5 ሄክታር በሙሉ ሊባል በሚችል ደረጃ ስናጣ፣ ከሽቦው ማሳ ደግሞ የታችኞቹ ረድፎች ተጎዱ። የፓራፊን ሻማ ማንደድ ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ለአንድ ሄክታር በመቶዎች የሚቆጠር ሻማ ያስፈልጋል፤ ማሳው ትንሽ፣ ሻማው ውድ ስለሆነ አስቀድመን አስበንበት ትተነው ነበር፤ ዛሬም ቢሆን ውሳኔው ትክክል ነበር እላለሁ። በእያንዳንዱ እምቡጥ ውስጥ ሁለተኛ ተጠባባቂ እምቡጥ ስላለ ግንዱ እንደገና ያቆጠቁጣል፤ ይሁን እንጂ በሪስሊንግ ላይ ከሁለተኛው እምቡጥ የሚመጣው ቀንበጥ ዘለላ የሚይዘው ጥቂት ነው። የተጎዳውን ቀንበጥ ሳንቆርጥ ትተነዋል፤ ለሚቀጥለው ዓመት የሚሆን ሐረግ ካፈራ ይበቃናል።

ሜይ፣ ዝናብ

በዚህ ወር ሥራው ሁሉ መርጨት ነበር። ለታችኛው ዋግ የመጀመሪያ መለከፊያ እዚህ ያሉ ገበሬዎች ሦስቱን አሥሮች ይቆጥራሉ፦ 10 ሴንቲ ሜትር የደረሰ ቀንበጥ፣ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብና ቢያንስ 10 ዲግሪ ሙቀት። ሦስቱም በሜይ መጀመሪያ ተሟሉ፤ ከዚያም ዝናቡ አላቋረጠም፤ በወሩ አጋማሽ በጎረቤቱ የሳርላንድ ግዛት ከባድ ጎርፍ ደረሰ። ቪቲሜቴዮ የተባለው የበሽታ ትንበያ ሥርዓት ከአየር ሁኔታ ጣቢያዎች በሚደርሰው መረጃ ተመሥርቶ የእያንዳንዱን ዝናብ አደጋ ስለሚያሳይ፣ ማታ ማታ እሱን አይተን ጠዋት እንወጣ ነበር።

መዳቡ የሚታጠበው ከ20 እስከ 25 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድበት ነው፤ በተጨማሪም ቀንበጡ በፍጥነት በሚያድግበት በዚህ ወቅት ከመጨረሻው ርጭት በኋላ የወጣው ቅጠል ሁሉ ያልተሸፈነ ነው። ስለዚህ በትንሽ መጠን ደጋግሞ መርጨት በአንድ ጊዜ ብዙ ከመርጨት ይሻላል። በየርጭቱ በሄክታር ከ200 እስከ 350 ግራም ንጹሕ መዳብ፣ ከእሱም ጋር ለላይኛው ዋግ፣ ማለትም ለኦይዲየም፣ በውኃ የሚበጠበጥ ድኝ ተጠቀምን። የኅብረቱ ደንብ በሰባት ዓመት ውስጥ በሄክታር ከ28 ኪሎ በላይ መዳብ አይፈቅድም፤ እኛ የገባንበት የኦርጋኒክ አምራቾች ማኅበር ደግሞ በዓመት 3 ኪሎ ብቻ ነው የሚፈቅደው። መዳብ ከባድ ብረት ነው፤ አፈር ውስጥ ገብቶ አይፈርስም፤ ትሎቹንም ይጎዳል። ስለዚህ እያንዳንዱ ግራም በመዝገቡ ላይ ይጻፋል፤ በዓመት አንድ ጊዜ የሚመጣው ተቆጣጣሪም የመድኃኒት ግዢውን ደረሰኝ ከመዝገቡ ጋር ያመሳክራል።

የድኙ ነገር ብዙ ጊዜ ወሰደብን። ዱቄቱ ቀጥታ ወደ ታንኩ ሲጨመር ይጓጉልና ማጣሪያውን ይደፍናል፤ ግፊቱም መሃል ማሳ ላይ ይወድቃል። መፍትሔው ዱቄቱን በባልዲ ለብ ባለ ውኃ አቅጥኖ በእንጨት መምቻ ከበጠበጡ በኋላ በወንፊት እያጠለሉ፣ የታንኩ ማማሰያ እየሠራ ቀስ በቀስ ማፍሰስ ነው። ሙቀቱ 28 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሲሆን ደግሞ ድኝ ቅጠሉን ስለሚያቃጥል፣ በሞቃት ቀናት ሥራው ከማለዳ ይጀምርና ከረፋዱ በፊት ይቆማል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ ልጻፍ። እስከ 2013 ድረስ በጀርመን ኦርጋኒክ የወይን አምራቾች ፖታሺየም ፎስፎኔት የተባለ ውሁድ መጠቀም ይፈቀድላቸው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ እንደ ተክል መከላከያ መድኃኒት ስለተመደበ በኦርጋኒክ ዝርዝር ውስጥ ቦታ አላገኘም። ፎስፎኔት በተክሉ ውስጥ ስለሚዘዋወር አዲስ የሚወጣውንም ቅጠል በተወሰነ ደረጃ ይጠብቃል። የክልከላው ምክንያት፣ ማለትም ቅሪቱ በወይን ጠጁ ውስጥ መገኘቱና ውሁዱ በፋብሪካ የሚመረት መሆኑ ይገባኛል። ይሁን እንጂ እንደ 2016፣ እንደ 2021 እና እንደዚህ ዓመት ባሉ እርጥብ ዓመታት ውጤቱ ተጨማሪ መዳብ በአፈሩ ላይ መፍሰሱ ነው፤ ለአፈሩ ብለን በገባንበት አሠራር ውስጥ ይህን ልቀበለው አልቻልኩም።

ጁን እና ጁላይ

አበባው የተከፈተው በጁን ሁለተኛ አጋማሽ ነው። በአበባው ጊዜና ወዲያው ከእሱ በኋላ ፍሬው በጣም ለበሽታ የተጋለጠ ስለሆነ፣ በእነዚህ ሳምንታት ከመርጨቱ ጋር በዘለላው ዙሪያ ያለውን ቅጠል በእጅ እንለቅም ነበር። በምሥራቅ በኩል፣ የጠዋት ፀሐይ በሚያገኘው ጎን ብቻ ነው የሚለቀመው፤ ከሰዓት በኋላ ያለው ፀሐይ ፍሬውን ያቃጥለዋልና። ቅጠሉ ሲቀንስ ዘለላው ቶሎ ይደርቃል፤ መርጨቱም ይደርሰዋል።

በሽቦው ማሳ የመጀመሪያዎቹን የዘይት ነጠብጣብ የሚመስሉ ቢጫ ምልክቶች በጁን መጀመሪያ ላይ አየን፤ ቅጠሉን ገልብጠን ስናይ ነጭ ሻጋታ ነበረበት። በእርከኑ ላይ ግን እስከ ጁላይ አጋማሽ ድረስ ጥቂት ብቻ ነበር። አዲሱ የጎማ መስመር የተዘረጋው በእርከኑ ላይ ሲሆን ሽቦው ማሳ በሠንሰለት ጎማ በሚሄድ መኪና ይረጫል፤ መሬቱ ሲጨቀይ መኪናው ስለሚንሸራተት ሁለት ዝናብ ሳንረጭ አልፎናል። ልዩነቱን ያመጣው መድኃኒቱ ሳይሆን መድረስ አለመድረሱ ነው። በጁላይ መጨረሻ በሽቦው ማሳ ላይ ከዘለላዎቹ ሩብ የሚሆኑት ላይ የተጨማደዱ፣ ጀርመኖቹ የቆዳ ፍሬ የሚሏቸው ቡናማ ፍሬዎች ነበሩ። ለኦይዲየም ከድኙ በተጨማሪ ፖታሺየም ባይካርቦኔት ረጭተናል፤ እሱ በደንብ ሠርቷል።

ሄሊኮፕተሩ ከጎረቤት ማሳ ላይ ሲረጭ ነፋሱ ወደ እኛ ድንበር ጥቂት ያመጣል። በድንበሩ ያሉትን ረድፎች ለይተን ስለምንለቅም፣ ከእነሱ የሚገኘው ጭማቂ ከኦርጋኒኩ ጋር አይቀላቀልም፤ ለጅምላ ነጋዴ ይሸጣል። ገቢው አነስተኛ ነው፤ ነገር ግን ከዚህ ውጭ ያለው መንገድ ከጎረቤት ጋር መካሰስ ስለሆነ አማቴ ይህን መርጠዋል፤ እኔም እስማማለሁ።

ኦገስት

ደረቅ ሳምንታት መጡ፤ በሽታው ቆመ። የበላዩን ቀንበጥ ቆረጥን፣ የረድፎቹን ሣር በማጨጃ ሞተር አስተካከልን፣ የፈረሰ የእርከን ግንብ ያለ ሲሚንቶ ድንጋይ በድንጋይ መልሰን ካብን። የግንቡ ሥራ የሚከፈለው በሰዓት ነው ቢባል ለእኛ የሚቻል አልነበረም።

ሴፕቴምበር እና ኦክቶበር፣ መከር

ስኳሩን የምንለካው በኤክስለ ዲግሪ ነው፤ ከየረድፉ ፍሬ እየለቀምን፣ ጨምቀን፣ ሪፍራክቶሜትር በተባለ መለኪያ እናያለን። በሴፕቴምበር መጨረሻ እርከኑ 78 ሲያሳይ ሽቦው ማሳ 71 ላይ ነበር። አሲዱ ገና ከፍ ያለ ስለነበር መጠበቅ እንፈልግ ነበር፤ ዝናብ ሲተነበይ ግን ሽቦውን ማሳ ቀደም ብለን ጀመርን፤ ግራጫ ሻጋታ በተጨማደዱት ፍሬዎች በኩል ገብቶ ነበርና።

የተቀጠሩት ለቃሚዎች ክፍያ የዓመቱ አነስተኛ ደመወዝ በሰዓት 12.41 ዩሮ ሲሆን የእኛ በላዩ ትንሽ ተጨምሮበታል። በየሰዉ እጅ ሁለት ባልዲ ነበር፦ አንዱ ለጤነኛው፣ ሌላው ለተጎዳው። የቆዳ ፍሬዎቹ በጣት ይፈለቀቃሉ፤ መራራ ጣዕም ስለሚያመጡ ወደ መጭመቂያው መግባት የለባቸውም። ይህ ለቀማውን በግማሽ አዘገየው፤ ወጪውንም እንዲሁ ጨመረው። ከእርከኑ ሣጥኖቹ የሚወርዱት በአንድ ሐዲድ ላይ በምትሄድ ትንሽ ባቡር ነው፤ ከጎረቤቶች ጋር በጋራ የምንጠቀምባት ናት።

በድምሩ 7,600 ኪሎ ገባ፤ በደህና ዓመት ከዚህ ማሳ እጥፉን እንጠብቃለን። የእርከኑ ፍሬ ጤነኛና መዓዛው ከባለፈው ዓመት የጠለቀ ነበር።

ኖቬምበር እስከ ፌብሯሪ፣ ጓዳው

ዘለላው ሳይፈለቀቅ በሙሉ በአየር ግፊት ወደሚሠራው መጭመቂያ ገባ። ግፊቱ ቀስ እያለ ይጨመራል፤ የዘለላው ዘንግ ለጭማቂው መውረጃ መንገድ ስለሚሆን ንጹሕ ጭማቂ ይወጣል። ጭማቂው ሌሊቱን በቀዝቃዛ ታንክ ውስጥ ረግቶ፣ አተላው ከታች ከቀረ በኋላ የእርከኑ በሦስት ፉደር ውስጥ ገባ፤ ፉደር 1,000 ሊትር የሚይዝ የሞዜል የኦክ በርሜል ነው። የሽቦው ማሳ በማይዝግ ብረት ታንክ ውስጥ ተቀመጠ። በበርሜሎቹ ላይ እርሾ አልጨመርንም፤ ከማሳውና ከጓዳው በመጣው እርሾ ጠነሰሰ። በታንኩ ላይ ግን የተመረጠ እርሾ ተጠቀምን፤ ብዙ ሻጋታ በነበረበት ፍሬ የዱር እርሾን ማመን አደገኛ ስለሆነ።

ታንኩ በሦስት ሳምንት ውስጥ ጨረሰ። በርሜሎቹ ግን ጓዳው ሲቀዘቅዝ እየዘገዩ ሄደው በጃንዋሪ አንዱ በሊትር 14 ግራም ስኳር ላይ ቆመ። አተላውን በዱላ አነሣሣን፤ ጓዳውን በትንሽ ማሞቂያ ወደ 16 ዲግሪ አመጣን፤ ሌላው በርሜል ውስጥ ገና በሕይወት ያለ አተላ ጥቂት ጨመርንበት። በፌብሯሪ እንደገና ፈልቶ 7.5 ግራም ላይ ደረሰ። አሲዱ 8.1 ግራም ስለሆነ፣ ስኳሩ ከአሲዱ በ2 ግራም እስካልበለጠና ከ9 እስካላለፈ ድረስ ደረቅ የሚል ቃል በመለያው ላይ መጻፍ ሕጉ ይፈቅዳል።

ድኝ፣ ማለትም ሰልፈር ዳይኦክሳይድ፣ የተጨመረው መፍላቱ ካበቃ በኋላ ብቻ ነው። ለኦርጋኒክ ወይን ጠጅ የሚፈቀደው ጣሪያ ከመደበኛው ያነሰ ነው፤ ስኳሩ ከ2 ግራም በታች ለሆነ ነጭ ወይን በሊትር 150 ሚሊ ግራም ሲሆን መደበኛው 200 ነው። የእኛ ከዚያም በታች፣ ጠቅላላው 105 አካባቢ ቆመ።

ማርች 2025፣ ጠርሙስ

ወይን ጠጁ ከአተላው ላይ ተገልብጦ ተጣራ። 4,800 ሊትር ወደ ጠርሙስ ገባ፤ 6,400 ጠርሙስ ማለት ነው። ጠርሙስ፣ ጠመዝማዛ ክዳን፣ መለያና ካርቶን በአንድ ጠርሙስ 1.35 ዩሮ ወጣበት። የጠርሙስ መሙያ መኪና የሌለን ስለሆነ የሚዞር መኪና ተከራየን። ናሙናው ላቦራቶሪ ተመርምሮ በቀማሾች ከተቀመሰ በኋላ የመንግሥት የፍተሻ ቁጥር ተሰጠው፤ ያለ እሱ ቁጥር ጥራት ያለው ወይን ጠጅ ብሎ መሸጥ አይቻልም። ከዲሴምበር 2023 ጀምሮ የይዘት ዝርዝርና የምግብ ኃይል መግለጫም ግዴታ ስለሆነ፣ በመለያው ጀርባ ላይ የኪውአር ኮድ ተጨምሯል። አረንጓዴው ቅጠልና የቁጥጥር ድርጅቱ መለያ ቁጥር በአጠገቡ ናቸው።

የመዳቡ መዝገብ ለዓመቱ በሄክታር 2.7 ኪሎ ላይ ተዘግቷል። ከማኅበሩ ጣሪያ በታች ነው፤ ለእኔ ግን አሁንም ብዙ ነው።

ኤፕሪል ሳይገባ በውርጭ የተመታውን የጎን ሸለቆ 0.5 ሄክታር ነቅለን ሱቪኚየር ግሪ እንተክላለን። በፍራይቡርግ የተዳቀለ ነጭ ዝርያ ሲሆን ሁለቱንም ዋጎች የሚቋቋም ስለሆነ፣ በዓመት ሁለትና ሦስት ጊዜ ብቻ ቢረጭ ይበቃዋል ተብሎ ይጠበቃል። ቦታው ለውርጭ አሁንም የተጋለጠ ነው፤ ስለዚህ የግንዱን ቁመት ከተለመደው ከፍ አድርገን እንድንተክል ተነጋግረናል፤ ቀዝቃዛው አየር መሬት ላይ ተኝቶ ሳለ ቀንበጡ ከበላዩ ይሆናልና። 2,200 ችግኝ ታዟል፤ ሽቦውና እንጨቱ ሲጨመር ወጪው ከ9,000 ዩሮ በላይ ነው። የመጀመሪያው ምርት የሚጠበቀው በሦስተኛው ዓመት ነው። በሽቦው ማሳ ላይ ደግሞ የጎማ መርጫው መስመር ሁለተኛ ቧንቧ ወስዶ እስከ ታችኛው ረድፍ እንዲደርስ ቅጥልጥሉ በዚህ ሳምንት ይሠራል።